የሞተር ቢስክሌትን ብሎንና ትንንሽ ብረታ ብረት በቤት ውስጥ በዚንክ ስለ መለበጥ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች ጤንነት፥ ስለ ወጥ ቤትና ስለ ቤት አያያዝ ማንበብ የለመዱ አንባቢዎቻችን፥ የሞተር ቢስክሌት ብሎን ከቤተ ሰብ ነገር ጋር ምን አገናኘው ብለው ይደነቁ ይሆናል። የሚያገናኘው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሥራው የሚሠራው በአቼቶና በስኳር፥ ይኸውም ከጓዳ በሚወጣ ዕቃ፥ ብዙ ጊዜም ልጆች በሚመላለሱበት ክፍል አጠገብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ብሎኑን አንጽቶና ለብጦ ወደ ቦታው የመለሰው ሰው፥ እርሱ ራሱ ወይም ልጁ በዚያው ብረት ተማምኖ ጎዳና የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ብሎኑ በውጭ እንደ ብር እያበራ በውስጡ ግን ተሰባሪ ሆኖ ቢገኝ ጉዳቱ የመላው ቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሥራው አደራረግ ጋር፥ የትኛው ብረት በቤት ሊለበጥ እንደሚገባና የትኛው እንደማይገባ ለይተን ለማሳየት አስበናል።

ይህ ልማድ የበዛው አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ፈትቶ፥ አጥቦና አድሶ መንዳት እንደ ታላቅ መዝናኛ በሚቆጠርባቸው አገሮች፥ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በቢርሚንግሃም ከተማ በ1861 ዓ.ም. የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ሆኖ የተቋቋመው ቢ ኤስ ኤ የተባለው ኩባንያ፥ በ1910 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሞተር ቢስክሌቱን ለሕዝብ አሳየ፤ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ኤም 20 የተባለውን ዐይነት ብቻ ከ120,000 በላይ ለጦር ሠራዊት አስረከበ። ኩባንያው በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ወድቆ ቢቀርም፥ ከእነዚያ ሞተሮች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ በአፍቃሪዎቻቸው እጅ እየታደሱ ይሄዳሉ።

እንዲህ ያለውን ሞተር የፈታ ሰው በመቶ የሚቆጠር ብሎን፥ ዳዶ፥ ሮንዴላና መያዣ ብረት በፊቱ ተከምሮ ያገኛል። ብረቱ ዝጓል፤ ነገር ግን አውጥቶ ጥሎ አዲስ መግዛት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የእነዚያ ብሎኖች ጥርስ በኢንች ሥርዐት፥ ማለት ዊትዎርዝ በሚባለውና የቢስክሌት ሠሪዎች ባወጡት ልክ የተቆረጠ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ገበያውን የያዘው በሚሊሜትር የሚለካው ብሎን አይገጥመውም። ወደ ለባጭ ፋብሪካ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን ፋብሪካው የብዙ ሰው ብረት በአንድ በርሜል እያገላበጠ የሚለብጥ በመሆኑ፥ ከተላከው ብሎን ጥቂቱ ሳይመለስ መቅረቱ የታወቀ ነገር ነው፤ የጠፋውም ሁልጊዜ ምትክ የማይገኝለት ይሆናል። እንግዲህ ሰው በጋራዡ ውስጥ በገንዳና በባትሪ ሥራውን ራሱ እንዲሠራ ያደረገው ቁጠባ ብቻ አይደለም።

መለበጥ ማለት አንዱን ነገር በሌላ ማዕድን ሥሥ ልብስ መሸፈን ነው፤ ቃሉም በወርቅና በብር ለሚለበጥ ንዋየ ቅድሳትና ለመኳንንት ጌጥ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በዚንክ መለበጥ ከወርቅ ልባጥ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። ወርቅ ብረቱን የሚጠብቀው እንደ ግንብ ቆሞ ነው፤ ግንቡ በአንድ ስፍራ ከተነደለ ውሃው ገብቶ ውስጡን ይበላል። ዚንክ ግን ብረቱን የሚጠብቀው ስለ እርሱ ራሱን እያስበላ ነው። ሁለት የማይመሳሰሉ ማዕድኖች ተነካክተው ውሃ ሲያርፍባቸው እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ ከሁለቱም ኤሌክትሪክ ለመስጠት የሚፈጥነው እርሱ ቀድሞ ይበላል። ዚንክ ከብረት ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ፥ ልባጡ በመፍቻ ተጭሮ ብረቱ ቢገለጥ እንኳ፥ በዙሪያው ያለው ዚንክ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱ ቶሎ አይዝግም። ኒኬልና ቆርቆሮ የሚባለው ነጭ ማዕድን ግን በተቃራኒው ከብረት የዘገዩ ስለ ሆኑ፥ ልባጣቸው ሲጫር የሚበላው ከሥር ያለው ብረት ነው። በሞተር መሪ ላይ የሚያበራው ክሮም ከሥሩ ኒኬል የተነጠፈለት ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ሲሰነጠቅ ዝገቱ ከሥር እንደ ችፍታ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚንክን ሥራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቤታችን ክዳን የሆነው ቆርቆሮ፥ በስሙ ቆርቆሮ ይባል እንጂ፥ ብረት ሆኖ በቀለጠ ዚንክ የተለበጠ ነው። በአስመራ ክዳኑን ዚንጎ የሚሉት ከጣሊያን ቋንቋ በተወሰደው በዚንክ ስም ነውና አጠራራቸው ከእኛ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። አናጢ ቆርቆሮውን በመቀስ ቆርጦ ጠርዙን ቢያራቁተው፥ የተቆረጠው አፍ ወዲያው በዝገት አለመበላቱ ከላይ የተናገርነውን ያረጋግጣል።

ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የመለበጥን ጥበብ ማሉዋን የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1742 ዓ.ም. ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ አስረድቶ ነበር፤ ሶሬል የተባለው ደግሞ በ1837 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አወጣበት። በእነዚህ መካከል በ1824 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ፥ የባሕር ኀይል መርከቦች በሥር የለበሱት መዳብ በጨው ውሃ እየተበላ ስላስቸገረ፥ በመዳቡ ላይ ትንንሽ ዚንክና ብረት አያይዞ መበላቱን አስቀረው። አስቂኙ ነገር፥ መዳቡ መበላቱን ሲተው መርዝነቱም ስለ ቀረ፥ የባሕር ሣርና ቀንድ አውጣ በመርከቡ ላይ እየበቀለ ከመጓዝ አገደው፤ ስለዚህ ፍልስፍናው እውነት ሆኖ ሳለ መርከበኞቹ ሳይወዱት ቀሩ።

የቀለጠ ዚንክ ከ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሞቅ ስለ ሆነ፥ ጥርስ ላለው ትንሽ ብሎንም ልባጡ ወፍራም ስለሚሆንበት፥ ለሞተር ዕቃ የሚስማማው በኤሌክትሪክ መለበጥ ነው። ይህም ጥበብ ቮልታ በ1800 ዓ.ም. ባትሪን ካወጣ በኋላ ተጀምሮ፥ በዚያችው በቢርሚንግሃም ኤልኪንግተን የሚባሉ ሁለት የወንድማማቾች ልጆች በ1840 ዓ.ም. ወርቅና ብር የሚለብጡበትን መብት ሲያወጡ ታላቅ የንግድ ሥራ ሆነ። የእነርሱ ውሃ ግን ሳያናይድ የሚባለው ብርቱ መርዝ ያለበት ነው። እስከ ቅርብ ጊዜም ድረስ ብዙ የዚንክ ፋብሪካዎች በሳያናይድ ይሠሩ ስለ ነበር፥ በአሮጌ መጽሐፍ የተጻፈ የልባጥ ቀመር ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ከማግባቱ በፊት ይህን ስም ፈልጎ ያንብብ፤ ካገኘውም መጽሐፉን ይዝጋ።

በቤት የሚሠራበት ውሃ አቼቶ ነው። የሚገባው ነጩ፥ ቀለም የሌለው አቼቶ ነው። በዚህ ውስጥ በሊትር 100 ግራም ገደማ ዚንክ ሱልፌት፥ ከዚያም ማግኒዥየም ሱልፌት የሚባለው፥ በመድኃኒት ቤት ለሆድ ማጽጃ የሚሸጠው መራራ ጨው፥ በመጨረሻም ጥቂት ስኳር ይሟሟበታል። ጨዉ ኤሌክትሪኩን ያለ ችግር ያሳልፋል፤ ስኳሩም የሚያርፈው ዚንክ ደቃቅና ለስላሳ እንዲሆን ይረዳል። ገንዳው የላስቲክ ወይም የብርጭቆ ይሁን እንጂ ብረት አይሁን። በገንዳው ግራና ቀኝ ሁለት የንጹሕ ዚንክ ሰሌዳዎች ይንጠለጠሉና ከኤሌክትሪክ ሰጪው ፖዚቲቭ ጫፍ ጋር ይያያዛሉ፤ ብሎኖቹም በቀጭን የመዳብ ሽቦ ታስረው በመካከል ይንጠለጠሉና ከኔጋቲቩ ጫፍ ጋር ይያያዛሉ። ከፖዚቲቩ ወገን ያለው የመዳብ ሽቦ ውሃውን ከነካ መዳቡ ሟሙቶ ልባጡን ስለሚያጠቁር፥ መያያዣው ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ይቅር። ዚንኩ ከሰሌዳው እየሟሟ በብሎኑ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የሚያልቀው ሰሌዳው ነው። አሮጌ የክዳን ቆርቆሮ ቆርጦ በሰሌዳው ፈንታ ማንጠልጠል አይረባም፤ ሥሡ ዚንክ ወዲያው አልቆ ውሃው በብረት ዝገት ይበላሻልና።

ኤሌክትሪኩ ምን ያህል ይሁን ለሚለው፥ የእንግሊዙ ማይክል ፋራዴይ በ1834 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ እስከ ዛሬ ይበቃናል፤ የሚያርፈው ማዕድን መጠን ካለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጋር ልክ ነው። አንድ አምፔር አንድ ሰዓት ቢያልፍ 1.22 ግራም ዚንክ ያሳርፋል። ስምንት ሚሊሜትር ውፍረትና አራት ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት ብሎኖች ከነራሳቸው ቢለኩ፥ ገጻቸው አንድ ላይ 100 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ገጽ ላይ 1.5 አምፔር 20 ደቂቃ ቢያልፍ፥ ምንም ካልባከነ ከስምንት ሚክሮን ጥቂት በላይ ውፍረት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ወረቀት ውፍረት አሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። በአቼቶ ውሃ ጥቂቱ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን የሚባለውን አየር በማውጣት ስለሚባክን አምስት ደቂቃ መጨመር አይከፋም። ብዙ ሰው ቶሎ ይጨርሳል ብሎ ኤሌክትሪኩን ያበዛል፤ ያን ጊዜ ልባጡ ጥቁር፥ እንደ አመድ የሚራገፍ ይሆንበታል። ውፍረቱንም ያለ መጠን ማብዛት ሌላ ችግር ያመጣል፤ በብሎን ጥርስ ላይ የሚጨመረው የልባጥ ውፍረት የጥርሱን ልክ አራት እጥፍ ያህል ስለሚያሰፋው፥ ወፍራም የተለበጠ ብሎን ወደ ዳዶው አልገባም ይላል። ሰውም በመፍቻ አስገድዶ ሲያስገባው አዲሱን ልባጥ መልሶ ይፍቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማጽዳቱ ነው። ጣት የነካው ብሎን የጣቱን ስብ ይይዛል፤ ዚንክም በስብ ላይ አያርፍም። ብረቱ አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፥ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ወይም በሻካራ ወረቀት ተፍቆ፥ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። መጽዳቱን የሚያሳውቅ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ አለ። ብረቱን ከውሃ አውጥቶ ማየት ነው፤ ውሃው ሳይነጣጠል እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ከሸፈነው ጸድቷል፤ እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ እያለ ከተበታተነ ግን ስብ አለበትና እንደ ገና ይታጠብ። ይህን ምርመራ ለመናቅ የማይቸኩል ሠሪ ከሌላው ትምህርት ግማሹን ባያውቅ እንኳ ያምርለታል ብንል አናበዛም።

በዚህ ስፍራ ብዙዎች ለዝገቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይገዛሉ። አሲዱ ዝገትን ቶሎ መብላቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጢሱ በክፍሉ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ያዝጋል፥ ሳንባንም ይጎዳል፤ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን የሚባለው፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት መርዝ አየር ይወጣል። በረኪና በልብስ ማጠቢያው አጠገብ የማይጠፋ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ በአንድ ክፍል እንዳይቀመጡ ማዘዝ የቤቱ እመቤት ሥልጣን ነው፤ የቤቱም ጌታ ይታዘዝ። አሲዱን ማቅጠን ያስፈለገ እንደ ሆነ፥ አሲዱ በውሃ ላይ ይፈስሳል እንጂ ውሃው በአሲድ ላይ አይፈስስም፤ በዚህ የተሳሳተ ሰው በፊቱ ላይ ሊፈነጥቅበት ይችላል። የዓይን መነጽርና የላስቲክ ጓንት ሳያደርግ ማንም ወደ ሥራው አይቅረብ። አሲዱ ከነዚህ ሁሉ በላይ በብረቱ ላይ የሚያደርሰው ስውር ጉዳት አለና አሁን ወደ እርሱ እንመጣለን።

ብረት በአሲድ ሲነከርም ሆነ በኤሌክትሪክ ሲለበጥ በገጹ ላይ ሃይድሮጂን ይወለዳል። የሚበዛው አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ከማናቸውም ነገር ይልቅ ደቃቅ ስለ ሆነ ወደ ብረቱ ሥጋ ይገባል። ብረቱ ለስላሳ የሆነ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም። ብረቱ በእሳትና በማቀዝቀዝ እጅግ የጠነከረ ከሆነ ግን፥ ሃይድሮጂኑ በውስጡ ተጠራቅሞ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርገዋል። ክፋቱም ወዲያው አለመታወቁ ነው። ብሎኑ በመልካም ይጠብቃል፤ ሲታይም አዲስ ነው፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው በውጥረቱ ብቻ ራሱ ተቀንጥሶ ይወድቃል።

ይህ የሚታመን የማይመስለው ሰው ቢኖር በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ መካከል የተሠራውን ድልድይ ታሪክ ይስማ። በ2013 ዓ.ም. በማርች ወር፥ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ካላቸው 96 የብረት ዘንጎች 32ቱ፥ ተወጥረው ከታሰሩ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰበሩ። ዘንጎቹ የተለበጡት እርግጥ በቀለጠ ዚንክ ነበር እንጂ በኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ለዓመታትም በጉድጓዳቸው ውሃ ደርሶባቸው ነበር። ነገር ግን ምርመራው ያገኘው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሃይድሮጂን እጅግ ወደ ጠነከረ ብረት መግባቱ። መሐንዲሶች፥ ተቆጣጣሪዎችና መመርመሪያ ቤቶች ባሉበት ታላቅ ሥራ ይህ ከሆነ፥ በጋራዡ ብቻውን የሚሠራ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው አንባቢ ይፍረድ።

እንግዲህ ብረቱን በምን ይለዩታል? በአዲሶቹ የሚሊሜትር ብሎኖች ራስ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 8.8 የሚል የተጻፈበት በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ያህል የሚችል ብሎን ነው፤ ይህና ከዚህ በታች ያለው በቤት ቢለበጥ የሚያሰጋ አይደለም። 10.9 ያለበት በጥርጣሬ የሚታይ ነው፤ አሲድ ፈጽሞ ሳይነካው ተፍቆ ብቻ ቢጸዳ ይሻላል፥ የማያስፈልግ ከሆነም ባይነካ ይመረጣል። 12.9 ያለበት ግን በቤት የሚለበጥ አይደለም። በአሮጌዎቹ ብሎኖች ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ስለሌለ፥ ያልታወቀውን እንደ ጠንካራ ቆጥሮ መተው ይበጃል። ሞላዎች ሁሉ፥ የጎማ ዘንጎች፥ የፍሬን መያዣና የፍሬን ክንድ ብሎኖች፥ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ፒስተኑን ከሚገፋው ዘንግ ጋር ያሉት ብሎኖች በቤት አይለበጡም። ቁጥራቸው ከመላው ሞተር ብሎን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሰው የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ለእነዚህ ዘይት መቀባት፥ ወይም ለሚያውቅ ፋብሪካ ልኮ የብረቱን ጥንካሬ አስታውቆ ማስለበጥ ነው። የመከላከያ ሽፋን፥ የመብራት መያዣ፥ የሳጥን ማጠፊያ፥ የቁጥር ሰሌዳ ብሎን፥ ሮንዴላና ይህን የመሳሰለው ግን እንደ ልብ ይለበጥ፤ አንዱ ቢሰበር የሚወድቀው የቁጥር ሰሌዳ ነው።

ፋብሪካዎች የተለበጠውን ጠንካራ ብረት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ምድጃ አግብተው ከ190 እስከ 220 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ቢያንስ አራት ሰዓት ያቆዩታል፤ ሃይድሮጂኑ በሙቀቱ እንዲወጣ ወይም እንዲበታተን ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ብሎናቸውን በእንጀራና በዳቦ መጋገሪያው ፉርኖ ያስገባሉ። በሁለት ነገር ተሳስተዋል። የወጥ ቤት ፉርኖ ሙቀቱ ልክ ስለማይሆን የተጠበቀውን ሥራ መሥራቱ አይታወቅም፤ ብረቱም ይዞት የሚገባው ነገር በምግብ ማብሰያ ውስጥ የሚፈቀድ አይደለም። ወጥ ቤት የሠራበትን ድስትና ማንኪያ ለዚህ ሥራ ወስዶ መመለስም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ የሄደ ዕቃ እዚያው ይቅር።

ዝገቱን ስለ መፋቅ ስንናገር ያቆየነው አንድ ነገር አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት መካከል የተሠሩት የእንግሊዝ ሞተሮች ብሎን ብዙ ጊዜ የተለበጠው በዚንክ ሳይሆን በካድሚየም ነበር። ካድሚየም ከዚንክ ጋር ከአንድ ማዕድን የሚወጣ፥ በመልኩም ወንድሙ የሚመስል ነጭ ብረት ነው፤ ልባጡ የተመሰገነ ቢሆንም ራሱ መርዝ ነው። ትቢያው ሲተነፈስ ሳንባን፥ ውስጥ ሲገባ ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል። በጃፓን አገር በቶያማ አውራጃ፥ ከካሚዮካ የዚንክ ማዕድን የወጣ ካድሚየም በጂንዙ ወንዝ ወርዶ ወደ ሩዝ እርሻ ገብቶ ስለ ነበር፥ ከሩዙ የበሉ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም በዕድሜ የገፉ እናቶች፥ አጥንታቸው እየለዘበ በጥቂት ንክኪ ይሰበር ነበር። ሕመሙንም ከሥቃያቸው ጩኸት የተነሣ ኢታይ ኢታይ አሉት፤ በእኛ ቋንቋ አመመኝ አመመኝ ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት የሕመሙ ምክንያት ይኸው መሆኑን በ1968 ዓ.ም. አስታወቀ። እርግጥ የአንድ ሞተር ብሎን እንደ ማዕድን ጉድጓድ አይደለም። ቢሆንም የአሮጌ እንግሊዝ ሞተር ብሎን በደረቁ በሚሽከረከር ብሩሽ እየፋቀ ትቢያውን ልጆች በሚጫወቱበት ወለል ላይ የሚያራግፍ አባት ምን እንደሚያራግፍ ሊያውቅ ይገባዋል። እርጥብ አድርጎ መፋቅ፥ አፍንጫን መከለል፥ ፍቅፋቂውንም በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቦ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። በእሳት ማጋልማ ፈጽሞ አይነሣ።

ልባጡ ሲያልቅ ብረቱ ከውሃ የሚወጣው ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ነው፤ በለስላሳ የመዳብ ብሩሽ ሲታሽ ያበራል። ራቁቱን ቢተው በእርጥብ አየር ነጭ አመድ የመሰለ ዝገት ያወጣል። ይህን ለመከላከል ፋብሪካዎች በክሮም ጨው ውስጥ ጥቂት ሰኮንድ ይነክሩታል፤ በአሮጌ ሞተሮች ላይ የምናየው ወርቅ የሚመስል ቢጫ መልክ ከዚህ የመጣ ነው። ለቢጫው መልክ ሲሠራበት የኖረው ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮም ግን ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፥ የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከአውቶሞቢል ዕቃ እንዲወጣ አድርጎታል። በፈንታው ሦስት ቫለንስ ያለው ክሮም ገብቷል፤ የሚሰጠውም መልክ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ለመልኩ ብሎ አሮጌውን ቢጫ ዱቄት ፈልጎ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን ሰው ግን ለማመስገን አንችልም። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይምሰል ማለት የአዳሾች ሁሉ ምኞት ነው፤ ቢሆንም ሰማያዊ ብሎን አይቶ ከሰላምታ የሚያግድ ወዳጅ የለም።

አቼቶው ኤሌክትሪክ ባይኖርበትም እንኳ ዚንኩን ቀስ እያለ ስለሚበላው፥ ሥራው እንዳለቀ ሰሌዳዎቹ ከገንዳው ወጥተው ይታጠቡ። ሃይድሮጂን በእሳት የሚቀጣጠል ስለ ሆነ፥ ገንዳው በሚሠራበት ጊዜ መስኮት ይከፈት፥ በአጠገቡም ሲጋራ አይጨስ። ኤሌክትሪኩ ከትንሽ የተመጠነ ሰጪ፥ ቮልቱም ከጥቂት የማይበልጥ ይሁን፤ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ መውሰድ ሞትን መጥራት ነው። ያረጀው ውሃ የአቼቶ ሽታ ያለው፥ ሲያዩትም እንደ መጠጥ የጠራ ስለ ሆነ፥ በመጠጥ ጠርሙስ መቅዳት አይገባም፤ በወፍራም የላስቲክ ዕቃ ተቀድቶ፥ ስሙ በትልቁ ተጽፎ፥ ልጅ በማይደርስበት ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ። የሟሟ ዚንክ በውሃ ውስጥ ለዓሣ መርዝ ስለ ሆነ፥ የአሮጌው ብሎን ካድሚየምም ምናልባት ስለ ተጨመረበት፥ ወደ ቦይ ወይም ወደ አትክልት ቦታ አይደፋም። በእንግሊዝ አገር የየከተማው ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ከቤት የሚወጣ የኬሚካል ዝቃጭ የሚቀበልበት ስፍራ ስላለው፥ በዕቃው ላይ ዚንክ፥ አቼቶ፥ ምናልባትም ካድሚየም ብሎ ጽፎ ለዚያ ሠራተኛ በእጅ ማስረከብ ነው።